እጅ አስታጣቢዋ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በኮምቦልቻ ከተማ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ሁሉ ማንኪያቸውን ያነሳሉ። ክርን ይታጠፋል፣ አንጓ ይዞራል፣ ገንፎው አፍ ይደርሳል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማንኪያውን የሚያነሳው ልብሱ ነው። ልብሱ በመንግሥት ቋንቋ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን «ሞግዚት» ይለዋል። ስሙ ከሥራው ጋር ስለተስማማ ሌላ ስም የፈለገለት የለም።

ራውዳ ልጇን ሲትራን ሞግዚት ማልበስ የጀመረችው ልጅቱ ሦስት ዓመት ሞልቷት ማንኪያ መያዝ ባቃታት ጊዜ ነው። ስስ ሹራብ ይመስላል፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ጣቶቹም እንደ ጓንት ለየብቻ ናቸው። ሲለበስ መጀመሪያ ላላ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጨብጣል። በዚያች ቅጽበት ሲትራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በኋላ ልብሱ ቁልፏን ይቆልፍላታል፣ ጫማዋን ያስርላታል፣ ደረጃውን ያስወርዳታል፤ እናትየዋ ቦርሳ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ልጇን እጇን ይዛ ደረጃ ካወረደቻት ቆይቷል። ሰው ሲነካው ሞግዚቱ እንቅፋት ያገኘው እየመሰለው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አሥር ሰዓት ላይ ሞግዚት የለበሱት የሕንፃው ልጆች ጓሮ ወርደው ኳስ ይጫወታሉ። ክብ ሠርተው ይቆሙና ኳሷ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ የሚስታት የለም። ራውዳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከበረንዳ ሆና እያየች በደስታ አልቅሳለች፣ ምን ይደበቃል። ቆይታ ግን ልጆቹ ኳሷን እንደማያዩዋት አስተዋለች። ሲትራ የምታየው የአጥሩን ሽቦ ጥላ ነው፤ እጇ ብቻውን ይቀልባል። ኳስ የሚስት ልጅ በሌለበት ጓሮ የሚስቅም አልነበረም። ራውዳ ይህን የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

የሲትራ አባት ሎጊያ ከተማ ሄዶ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ለዒድ ድምፁን ይልካል። ራውዳ የምትሠራው ከቤቷ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲሸምን የሚያድረውን ጨርቅ በስክሪን እያየች ነቁጥ ያለበትን በጣቷ ትነካለች። ከጎረቤቶቿ አንዱንም በስም አታውቅም። እነሱም እሷን አያውቋትም፤ በዚህ በኩል ሒሳቡ ተዘጋግቷል።

ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይፈተናል። ሞግዚቱን አውልቆ ያለ ማንም እርዳታ በማንኪያ መብላት፣ ደረጃ መውረድና ውኃ መቅዳት ከቻለ ራሱን ችሏል ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ካቃተው ቋሚው ይለበስለታል። ቋሚው ለመታጠቢያም ለመኝታም አይወልቅም፤ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ከሰውየው ጋር ያድጋል። በከተማው ቋሚውን የለበሱ ጎልማሶች አሉ። የአውቶቡስ በር ሲከፈት ሁሉም በቀኝ እግራቸው ይወርዳሉ፣ ሁሉም እኩል ይራመዳሉ፣ ፊታቸው ግን እየራቀ ያለ ነገር የሚያይ ሰው ፊት ነው። ራውዳ እነሱን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የሲትራ ሰባተኛ ዓመት ሲቃረብ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ብቻ ሆነ፦ የልጄ እጅ የልጄ ይሁን።

አንድ እሑድ ሞግዚቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ልጇን በባዶ ሸሚዝ ገበታ ላይ አስቀመጠቻት።

«እንኪ የኔ ዓለም፣ ብዪ» አለቻት፤ ማንኪያውን አጠገቧ አድርጋ።

ሲትራ ጭኗ ላይ ያረፈውን እጇን ዝቅ ብላ አየችው። እስኪነሳ ጠበቀችው። እጁ አልተነሳም። ልጅቱ ግራ ገብቷት እናቷን ቀና ብላ አየችና ተመልሳ እጇን መጠበቅ ቀጠለች። ራውዳ ጀርባዋን አዙራ አለቀሰች።

ሞግዚቱን የሚያድለውን ማዕከል ጠየቀች። ማዕከሉ ድምፅ ነው፤ ለስላሳና ትሕትና የማያልቅበት።

«ልጅዎ በሞግዚቱ እንከን የለባትም» አላት።

«ያለ ሞግዚቱስ?»

«ያለ ሞግዚቱ የምንለካው ነገር የለም።»

እንግዲያው ራስሽን ቻዪ ማለቱ ነው። ራውዳ በየማለዳው ከሥራ በፊት ሞከረች። እጇን በልጇ እጅ ላይ ደርባ ማንኪያውን ልታነሳ ስትል ሲትራ እሳት እንደነካው ሰው ጮኸች። ብስኩት እየሰጠች ልታባብል ሞከረች፤ ብስኩቱን በአፏ ተቀበለች፣ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። «አንሺ፣ አንሺ» እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ለመነቻት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንቁላሉን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በነበረበት ዘመን ነው፤ የራውዳ ልጅ ግን ቀኗ ተቆርጦባታል።

ሐምሌ ላይ ውኃ ሄደ። በኮምቦልቻ ስንቱ ነገር ሲለወጥ የቧንቧው ጠባይ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። ራውዳ ዕቃ እያጠበች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው፣ አረፋው ዓይኗ ገብቶ አቃጥሏታል፣ ቧንቧው አንዴ አስነጥሶ ዝም ብሏል። ለክፉ ቀን የተሞላ ጆግ ከበሩ ሥር ተቀምጧል። ሞግዚቱ ግድግዳው ላይ ኃይል እየሞላ ነው።

ራውዳ ሐይቅ ከተማ ልጅ ሳለች በቤታቸው የልጅ የመጀመሪያ ሥራው እንግዳ ማስታጠብ ነበር። ጆግ በአንድ እጅ፣ ፎጣ በትከሻ፣ ሳፋውን በእግር ገፋ እያደረጉ ከትልቅ ሰው ጀምሮ ወደ ታች። እናቷ ከጓዳ ሆና «ነይ አስታጥቢ!» ስትል እግሯ ከጆሮዋ ቀድሞ ይነሳ ነበር። አሁንም ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ሳፋው ላይ ዘርግታ፣ ማንን እንደምትጠራ እንኳ ሳታስብ «ሲትራ፣ ነይ አስታጥቢኝ!» አለች። ካለች በኋላ ነው የጠራችው ሞግዚት ያልለበሰች ልጇን መሆኑ የታወቃት። እጇን ግን አልሰበሰበችም።

ባዶ እግር ሲመጣ ሰማች። ጆጉ ከወለሉ ሲነሳ ሰማች። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ እግሯ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ፤ ቀጥሎ እጇን አገኘው። ዓይኗን ስትከፍት ሲትራ ጆጉን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ፣ አረፋውን እያየች ታፈሳለች። አረፋው ሲያልቅ ማፍሰሷን አቆመች።

ራውዳ የረጠበው ወለል ላይ ቁጭ ብላ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትል ጀመር። ለማን እንደምትል እሷም አታውቅም።

በማግሥቱ እንዳይከብዳት ብላ ጆጉን አጋመሰችላት። የሲትራ ክንድ ወዲያና ወዲህ ዋለለ፣ ውኃውም ግድግዳውን አጠበው። ብትሞላው ክንዱ ቀጥ አለ። ራውዳ ጊዜ ወስዶባት ገባት፤ ልጅቱ ባዶ እጇ የት እንዳለ አታውቀውም፣ ሲከብዳት ግን ታገኘዋለች። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ነገር ሁሉ ከባድ ሆነ። ሲትራ የሩዝ ከረጢት ተሸክማ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። መጽሐፍ የተቆለለበት ወንበር ትገፋለች። ማንም ሳይነሳ በጠዋቱ ድንጋይ የያዘ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ፣ መደገፊያውን ይዛ ደረጃ ትወርዳለች። ቀላሉ ማንኪያ ተጥሎ የብረት ጭልፋ መጣ። መጀመሪያ ገንፎው ደረቷን ቀባው፣ ከዚያ አገጯን፣ ከዚያ አፏን አገኘ። የወደቀው ከበላችው ይበልጥ ነበር፤ የበላችውን ግን የበላችው እሷ ናት።

ማስታጠቡ ግን የሁሉም ንጉሥ ነበር። ሲትራ ውኃ የምታፈሰው የተዘረጋ እጅ ስታይ ብቻ ነበር። ራውዳም በቀን ስንቴ እንደምትታጠብ ጠፋት። አንዳንዴ በር ወጥታ ታንኳኳለች፤ «አሰላሙ አለይኩም» እያለች እንግዳ ሆና ትገባለች። አንድ ቀን አክስት ትሆናለች፣ አንድ ቀን የሚያስለው ሽማግሌ ትሆናለች። ሲትራ አንዴም አልተታለለችም፤ ጆጉን ግን ሁሌም አነሳች፣ እያፈሰሰችም የራሷን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። በዚያ ቤት ዓመት ሙሉ ያልተሰማ የጨዋታ ድምፅ በዚያ ክረምት ተሰማ። ራውዳ ደስ ብሏት እንደነበር መካድ አይቻልም፤ በደስታዋም ምን እያስተማረች እንደሆነ ልብ ብላ አላየችም።

ፈተናው የደረሰው መስከረም ሲጠባ ነው። የመፈተኛው ክፍል ነጭ ነው፤ ጠረጴዛ፣ አጭር ደረጃ፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህንና አንድ ግድግዳ የሞላ መስታወት አለው። እናት ከመስታወቱ ጀርባ ትቀመጣለች፤ እሷ ታያለች፣ ልጅቱ ግን አታያትም።

«በማንኪያው ብዪ» አለ ድምፁ። ሲትራ ቆይታ፣ ቆይታ በላች። ሸሚዟ ላይ ፈሰሰ። «ተፈጽሟል» አለ ድምፁ።

«ደረጃውን ውረጂ።» መደገፊያውን ይዛ አንዱን እግሯን ካንዱ እያስጠጋች ወረደች። «ተፈጽሟል።»

ራውዳ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። የቀረው ቀላሉ ነው። የቀረው ሲትራ ዓይኗን ጨፍና የምታደርገው ነው።

«ውኃውን ወደ ብርጭቆው ቅጂ።»

ጆጉ ሙሉ ነበር። ሲትራ በሁለት እጇ አንስታ አቀፈችው። ብርጭቆውን አላየችውም። ክፍሉን ዞራ አየች። ከዚያ መራመድ ጀመረች፤ ጠረጴዛውን አለፈች፣ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄደች፣ ወደ ሌላው ተመለሰች፣ የተዘጋውን በር ቆማ አየችው። ሙሉ ጆግ ታቅፋ ስትዞር ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም። ሰው ትፈልግ ነበር።

ራውዳ ያን ጊዜ ነው ስህተቷ የገባት። ልጇን ውኃ መቅዳት አላስተማረቻትም። ያስተማረቻት ሰው ማስታጠብ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሰው አልነበረም።

ሲትራ በመጨረሻ መስታወቱ ፊት መጥታ ቆመች። ከመስታወቱ ወዲህ ራውዳ ተነስታ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ እንደማትታይ እያወቀች ዘረጋች። ልጅቱ ክንዷ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ጠበቀች። ከዚያ ጆጉን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አልተፈጸመም» አለ ድምፁ።

የቋሚውን ልኬት የሚወስደው፣ ራውዳንም ወደ መፈተኛው ክፍል ያስገባት ወጣት ኢዮስያስ ይባላል። በዚያ ማዕከል ራውዳ ያየችው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ደጋግሞ የተናገረ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል።

«አይዘኑ እናት፤ ቋሚው ምቹ ነው። አንዴ ከለመደችው መኖሩንም አታስታውሰውም።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ራውዳ። «ጆጉን ይዛ ስትዞር አይተሃል? ጠብ አላለባትም'ኮ።»

«አይቻለሁ። ግን ተሸክማ እንድትዞር አልተጠየቀችም።»

«ሰው አጥታ ነው።»

«ክፍሉ ሰው እንዳይኖረው ሆኖ ነው የተሠራው፣ እናት።»

ራውዳ መታጠቢያው ሳህን ጋ ሄዳ ቆመችና «እስቲ እጅህን ዘርጋልኝ» አለችው።

«የኔ እጅ ንጹሕ ነው።»

«ይሁን። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዘርጋ።»

ኢዮስያስ በሩን ዞሮ አየ። እጅጌውን ሰብስቦ በመታጠቢያው ሳህን ላይ እጆቹን ዘረጋ። ሲትራ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጆጉን አቀፈች፣ መጣች፣ አፈሰሰች። ግማሹ ጫማው ላይ ወረደ። ወጣቱ ውኃው ካለቀም በኋላ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ይኸው፣ ይህንን መዝግብልኝ» አለች ራውዳ።

«አይሆንም እናት» አለ፤ ድምፁ እንደቅድሙ አልነበረም። «ሰው ባለበት የተሠራ ሁሉ እርዳታ ነው የሚባለው። እጄን መዘርጋቴ ራሱ እርዳታ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ እኔም በእርዳታ ነው ያደግሁት። ልኬቱን ተወው።»

«ያለ ሞግዚት ከወጣች የትምህርት ቤቱም፣ የአውቶቡሱም፣ የጓሯችሁም በር አይከፈትላትም። ይህ ነገር መመለሻ የለውም። እባክዎ ያስቡበት።»

«አስቤበታለሁ።»

ውሸቷን ነው። ካሰበችበት እንደምትፈርም ስላወቀች ነው ለማሰብ ያልቆመችው። አሮጌውን ሞግዚት አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው፣ ልጇን ይዛ ወጣች። በቦርከና ወንዝ ዳር በእግር ወደ ቤት ሄዱ። ሲትራ ድንጋይ ባየች ቁጥር እየቆመች እያነሳች ስለነበር ቤት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው።

ኢዮስያስ ያላት ሁሉ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ በር ሲትራን እንደ ግድግዳ አያት። አሥር ሰዓት ላይ ጓሮ የሚወርዱት ልጆች ክባቸውን ትንሽ አጥብበው በሲትራ ቦታ ያለውን ክፍተት ዘጉት፤ ኳሷም አንዴ እንኳ አልወደቀችም። የቁርስ ጊዜ እስከ ረፋድ ይጎተታል፣ የጨርቁ ነቁጥ ራውዳን እያመለጣት ፋብሪካው ያስጠነቅቃታል። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከማትመልስላት ልጅ ጋር ነው። አንዳንድ ማታ ተሳስቼ ይሆን እያለች ትገላበጣለች፤ ልጄን ለራሷ ልስጣት ብዬ ከዓለም አውጥቻት ይሆን?

ሲትራ ግን ማስታጠቧን አልተወችም። ቀኑ ሲጋመስ ጆጉን አቅፋ በሩ ጋ ትቆማለች። ራውዳም ወጥታ እንግዳ ሆና ትገባለች። አንድ ቀን ግን እጇ ተሰነጣጥቆ፣ ሳሙናው ቁስሉ ውስጥ ገብቶ አልቻለችም፤ «በቃኝ የኔ ዓለም፣ ንጹሕ ነኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ልጅቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራውዳ ያንን መንቀጥቀጥ ከመስታወት ጀርባ ሆና አንዴ አይታዋለች፤ ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም። ሳፋውን አነሳችና በሩን ከፈተች።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። «ባለቤቲቱ ዛሬ እንግዳ አይቀበሉም» አለ በሩ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ምንም አላለም። ሲትራ ከኋላ ጆጓን አቅፋ፣ እያንጎራጎረች ትከተላለች። ራውዳ ኀፍረቷ እስከ ጆሮዋ ቢደርስም ማንኳኳቷን ቀጠለች። አንዱ በር ግን «ባለቤቱ ዛሬ እንግዳ አይቀበሉም» ካለ በኋላ ከውስጥ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ተሰማ። በሩ በስንዝር ተከፈተ። ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው።

«ዕቃ ነው?»

«አይ ጋሼ። ልጄ እጅዎን ልታስታጥብዎ ነው።»

ሽማግሌው ራውዳን አዩ፣ ሳፋውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ለምን ብለው አልጠየቁም። በሩን ከፈት አደረጉና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ወገባቸውን ይዘው በርከክ አሉ። ሲትራ አፈሰሰች። እሳቸው ጣት በጣት እያሹ፣ እንደ ድሮ ሰው ቀስ ብለው ታጠቡ፤ ኮሪደሩ በውኃ ራሰ። ሲጨርሱ እርጥብ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ቀና አሉ።

«ታዲያ ምን ይበላል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?» አለች ራውዳ ደንግጣ።

«አስታጠባችሁኝ'ኮ፣ ልጄ። እጁን የታጠበ ሰው እንዲሁ ይመለሳል እንዴ? ወጉም አይደል።»

ራውዳ ቤቷ ያለውን በሐሳቧ ፈተሸች። «ምስር አለ» አለች።

«ምስር ደግሞ ምን ይወጣለታል!»

እንድሪስ ይባላሉ። ራውዳ ቤት ገብተው ቁጭ አሉ፤ ቀስ ብለው ይበላሉ፣ ብዙም አያወሩም። ሲትራ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ታንጎራጉራለች፤ «ምን ሆና ነው?» አላሉም። ራውዳ ከሰው ጋር መብላት ተረስቷት ኖሮ እጇን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት። ሰውየው ሲያኝኩ መስማት ብቻ ሊያስለቅሳት ደረሰ፣ አንገቷንም ደፋች።

ሲትራ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ማንም ሳይጠራት ጆጉን አንስታ መጣችና በሽማግሌው ቀኝ ቆመች። እንድሪስ ወጥ የነካውን እጃቸውን አዩት፣ በሩንም አዩት።

«ቆዪ ልጄ» አሉ፣ «ገና አልጨረስኩም።»

ሳህኑ ላይ ምንም አልቀረም ነበር። ራውዳ ምስር ልትጨምርላቸው ተነሳች፤ ሲትራም ጆጓን አቅፋ ጠበቀቻቸው።